አከራይ ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ

ጥያቄ፦ በተከራየሁት ቤት አራት ዓመት ኖሬ አሁን ልለቅ ነው። አከራዬ በመጨረሻው ቀን መጥተው ቤቱን ካዩ በኋላ በመያዣ የሰጠኋቸውን የአንድ ወር ኪራይ እንደሚመልሱልኝ ነግረውኛል። ሥዕል የሰቀልኩባቸው የምስማር ቀዳዳዎች አሉ፤ የሳሎኑ ቀለም ደብዝዟል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ነጭ ዝቃጭ ይዟል። የቱን ላስተካክል? ስገባ የጽሑፍ ርክክብ አላደረግንም።

መልስ፦ ከቀዳዳዎቹ በላይ ያሳሰበን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ነው። ቤቱ ሲረከቡት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ ድሮ የነበረ ስንጥቅ ሁሉ የእርስዎ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ የገቡባቸውን ሳምንታት ፎቶዎች ከስልክዎ ይፈልጉ። ቤቱን ብለው ያነሱት ባይኖር እንኳ ከእንግዶች ጋር የተነሱት ፎቶ ከኋላው ግድግዳ፣ በርና ወለል ይዞ ይሆናል። ቧንቧ ሲያፈስ ለአከራዩ የላኩት መልእክት ካለም አያጥፉት።

ቀጥሎ አከራዩ የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንዲያዩት ይጠይቋቸው። ጉድለቱ አሁን ከታወቀ ራስዎ መርጠው በሚያመጡት ባለሙያ ያስጠግኑታል። በመጨረሻው ቀን ከተገኘ ግን ግምቱን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ተቀናሹም ከመያዣው ነው።

የደበዘዘውን ቀለም በተመለከተ፣ በብዙ የኪራይ ሕግና ውል ቤት በአግባቡ ሲኖሩበት የሚመጣ እርጅና በተከራይ አይታሰብም። በፀሐይ የገረጣ ቀለምና በእግር የሳሳ ወለል ከዚህ ይመደባሉ። የተሰበረ መስታወት፣ የተቃጠለ መደርደሪያና የተገነጠለ ማጠፊያ ግን ጉዳት ናቸው። ነገር ግን ውልዎ ላይ «ሲለቅ ቀለም ቀብቶ» የሚል ሐረግ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ያንብቡ።

የምስማር ቀዳዳ ያከራክራል፤ መድፈኑ ርካሽ ስለሆነ ደፍነው ይገላገሉት። ምስማሩን ሲነቅሉ በዙሪያው ያበጠውን ቀለም በቢላ ጀርባ ተጭነው ያስተካክሉ፤ ከዚያ ስቱኮ ይሙሉበት። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሸሽ መሃሉ ይሰረጎዳል፤ አንድ ጊዜ ደፍነው ደርቆ ሲያልቅ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ይጨምሩና በ180 ወይም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። በጥርስ ሳሙና መድፈን የሚመክሩ አሉ፤ እኛ አንመክርም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀለምም በደንብ አይዝም። ቀለም የሚያስነኩት ከሆነ ደግሞ ነጥብ ነጥቡን ብቻ አይቀቡ። አዲሱ ነጭ ከአሮጌው ነጭ ስለሚለይ ግድግዳው ይዥጎረጎራል፤ ቀዳዳው የበዛበትን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይቀቡት።

ሴራሚኩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ከውሃው የቀረ ኖራ ነው። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ለ30 ደቂቃ ያህል ለጥፈውበት ያሹትና በብዙ ውሃ ያጥቡት። አቼቶ እብነ በረድንና ቴራዞን ስለሚበላ እዚያ ላይ አያስነኩት። ከሁሉ በላይ ግን አቼቶና በረኪና ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሻጋታ ወጥቷል። አከራያችን ሳያዩት ቀለም ልቀባበት?

መልስ፦ አይቀቡበት። ከሥሩ እርጥበት ካለ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ደበቁ ይባላሉ። መጀመሪያ ምንጩን ይለዩ። ቁም ሣጥን ጀርባና ቀዝቃዛ ማዕዘን ላይ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ አየር ከማጣት የመጣ ስለሆነ ጠርገው፣ አድርቀው፣ መስኮት ይክፈቱለት። ዳሩ ቡናማ ቀለበት ያለው፣ እየሰፋ የሚሄድ እርጥብ ምልክት ግን ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሚመጣ ነው፤ እሱን ፎቶ አንስተው ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ በርክክቡ ቀን ምን ላዘጋጅ? ባንግባባስ?

መልስ፦ ቀጠሮው በቀን ብርሃን፣ ዕቃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ይሁን። በዕቃ የተሞላ ቤት ሲታይ «ሶፋው ሥር የነበረ» የሚል ጣጣ በኋላ ይመጣል። ማቀዝቀዣው የቤቱ ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት ነቅለው በረዶውን ያቅልጡ፤ በሩንም ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ተዘግቶ ከሰነበተ ይሸታል። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምረው ውሃ ሳይለቁ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ታች ያለው የጎማ ክዳን በደንብ አይዘጋም። ጎማውን መቀየር ቀላል ሥራ ነው።

በእጅዎ ቻርጀርና አንድ ደህና አምፖል ይያዙ፤ እያንዳንዱን ሶኬትና መብራት አከራዩ እያዩ ይሞክሩ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ሁለታችሁም ባላችሁበት ፎቶ ያንሱ። ከመግቢያው በር ጀምሮ ሳያቋርጡ ሁሉንም ክፍል በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ጭረት ሲያገኙ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ።

ባትግባቡ የርክክቡን ወረቀት ጥለው አይውጡ፤ ባዶ ቦታ ያለበትንም አይፈርሙ። ካልተስማሙበት ነጥብ ጎን «ስገባ የነበረ ነው፣ አልተስማማሁም» ብለው ጽፈው ይፈርሙ። ተቀናሽ ካለ የጥገናውን ደረሰኝ ይጠይቁ። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ የቁልፉ ብዛት፣ ትርፍ ያስቀረጹትም ጭምር፣ እዚያው ላይ ይጻፍ።