«ድምፄ ለሬዲዮ ይሆናል ወይ?» ላልሽኝ እህቴ

የመሐል ሜዳዋ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ2016 ዓ.ም. በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቀሻል። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። አሁን ደብረ ብርሃን አክስትሽ ቤት ሆነሽ ስራ እየፈለግሽ ነው። እናትሽ ጠዋት ቡና ስታፈላ ሬዲዮ ስለማታጠፋ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የውይይት ፕሮግራም እየሰማሽ አድገሻል። ሕልምሽም በሕዝብ ሬዲዮ የውይይት ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። የጠየቅሽኝ ደግሞ ይህን ነው፦ «ድምፄ ቀጭን ነው፣ አነጋገሬም የመንዝ ነው። ሬዲዮ ይቀበለኛል ወይ?»

ወደ ድምፅሽ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የቤት ስራ ልስጥሽ።

አንድ የስራ ቀን ምረጪ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ስፖርትና መዝናኛ ይበዛል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አንድ የሕዝብ ጣቢያ ከፍተሽ ተቀመጪ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም ይሁን፣ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን (ኢቢሲ) ብሔራዊ ሬዲዮ ይሁን፣ አንዱን ያዢና ጣቢያ አትቀይሪ። ደብተር አጠገብሽ ይሁን። ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት ጀመረ? ማን ጠየቀ? ማን መለሰ? ስንት ሰው ደወለ? ከየት? ሁሉንም ጻፊ።

ለስራ ምክር ቢሮዬ የሚመጡ ልጆችን ይህን ሳዛቸው «ቀኑን ሙሉ?» ይሉኛል። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ። የምትወጂውን አንድ ፕሮግራም ብቻ ስትሰሚ አድማጭ ነሽ። ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰሚ ግን ፕሮግራሞቹ ለምን በዚያ ሰዓት እንደተቀመጡ፣ የትኛው ተለፍቶበት፣ የትኛው ለመሙላት ያህል እንደተሠራ መለየት ትጀምሪያለሽ።

እኔም ባለፈው ጥቅምት አድርጌዋለሁ። ደብተሬ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጠዋት ላይ የሰማሁት አጫጭር ነገር ነበር፤ ዜና፣ የአምስት ደቂቃ ቃለ ምልልስ፣ እንደገና ዜና። ሰው ጫማውን እያሰረ ስለሚሰማ ነው። ረፋድ ላይ ግን ሱቅ የከፈተው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ወጥ የጣደችው ሁሉ ጆሮው ሬዲዮ ላይ ነው። የስልክ ውይይቱም የገባው በዚያ ሰዓት ነበር።

የዚያን ቀን የረፋዱ ርዕስ የበግ በሽታ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ስቱዲዮ ገብተዋል። አንድ አባት ከገጠር ደወሉ። አቅራቢዋ «አባቴ፣ የሬዲዮዎን ድምፅ ቀነስ ያድርጉልን» አለቻቸው። ቀነሱ። ከዚያ ስለ በጋቸው ማውራት ጀመሩ። መቼ እንደታመመች፣ ጆሮዋን እንዴት እንደጣለች፣ ጎረቤታቸው ምን እንዳላቸው፣ ለመድኃኒት ስንት እንዳወጡ። ሁለት ደቂቃ ሄደ። ጥያቄ ግን የለም። አቅራቢዋ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ እንዲህ አለች፦ «ዶክተር፣ አባታችን የሚጠይቁት በጓ አንዴ ከታመመች በኋላ ብትከተብ ትድናለች ወይ ነው።» ሐኪሙም ክትባት ለጤነኛዋ እንደሆነ፣ የታመመችው ሕክምና እንደሚያስፈልጋት፣ ከሌሎቹ በጎችም መለየት እንዳለባት አስረዱ። ሰውየው «እሱን ነው የፈለግኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ።

ያቺን የአቅራቢዋን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ አስምሬባታለሁ። ልጅቷ ስቱዲዮ ከመግባቷ በፊት ስለ ክትባትና ስለ ሕክምና አንብባለች። ባታነብ ኖሮ ከሁለት ደቂቃ ጨዋታ መሐል ጥያቄውን ነጥላ ማውጣት አይሆንላትም ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ይሁን ቀጭን አሁን ትዝ አይለኝም።

ሌላም ነገር ልብ በይ። እኚያ አባት አየር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ስልኩን ያነሳ ሰው አለ። ስማቸውንና አካባቢያቸውን ጠይቆ፣ ሊሉ ያሰቡትን ባጭሩ ጽፎ ለአቅራቢዋ ያቀበለ። ሐኪሙን ቀደም ብሎ ያነጋገረና ቀን ያስያዘ አለ። ርዕሱን አስቦ ያቀረበ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ የድምፁን መጠን የሚቆጣጠር ቴክኒሻን አለ። ከእነዚህ አንዳቸውም አየር ላይ አልተሰሙም። ቢሮዬ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ማመልከት የሚፈልገው ለአቅራቢዋ ወንበር ነው። አንቺ ግን ስልክ ለማንሳት፣ እንግዳ ለመፈለግ፣ ጥናት ለመሥራት ዝግጁ መሆንሽን ማመልከቻሽ ላይ በግልጽ ጻፊ። ከልቤ ነው የምልሽ። የውይይት ፕሮግራም አሠራር ከሥር ከሥሩ የሚለመደው እዚያ ነው።

ስለ ሰዓት አነሳሁ አይደል? እሱን ትንሽ ልጨምርበት። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ 4 የገበሬዎችን ፕሮግራም የሚያስተላልፈው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ በእነሱ አገር ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:45 መሆኑ ነው። ከዚያ «ቱዴይ» የሚባለው የጠዋት ፕሮግራም ይከተላል። እሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ አለ። ረፋድ ላይ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ የዘለቀው የሴቶች ፕሮግራም ይመጣል። ገበሬው ወደ ስራ ሳይወጣ፣ ሠራተኛው መንገድ ላይ ሳለ፣ እያለ በሰው ውሎ ነው የተደለደለው። እዚህም ያው ነው። ስለዚህ የፕሮግራም ሐሳብ ስታቀርቢ «የወጣቶች ፕሮግራም» ብለሽ አታቁሚ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እየሠራ እንደሚሰማሽ ጻፊ። ሐሳብሽን የሚያነበው ኃላፊ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ለርዕስ ደግሞ ሰሜን ሸዋ አይቸግርሽም። እኛ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን ስለ ጥቅምት ውርጭ እናወራለን። ጣርማ በርን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ትተሽ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ሰው የሚጨነቀው ስለ ሽንኩርትና ስለ ማሾ ዋጋ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ኮቱ ላይ ጋቢ የደረበና በሸሚዝ የላበው እኩል ይኖራሉ። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ተራራ አይዘልም፤ ከፍታ ሲጋርደው ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር ከጋራው ወዲያ ያለውን ሰው የሚያውቅ፣ ስልክ ደውሎ የሚያገኝ አዘጋጅ ዋጋው ትልቅ ነው። አንቺ የመሐል ሜዳን ገበያ ታውቂዋለሽ። ይህ በዲግሪሽ ላይ ያልተጻፈ እውቀት ነው፤ አንቺ ካልነገርሻቸው አያውቁልሽም።

ስለዚህ ሲቪሽን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት የአምስት ደቂቃ ፕሮግራም ሠርተሽ ያዢ። ርዕሱ ትንሽ ይሁን። «የስራ አጥነት ችግር» ለአምስት ደቂቃ አይበቃውም። «ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በግ የሚያመጣ ነጋዴ ለአንድ በግ ስንት ያወጣል?» ግን ይበቃዋል። ነጋዴውን አናግሪ፣ ገዢዋን አናግሪ፣ የጫነውን ሹፌር አናግሪ። ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ከዚያ ያንቺን መግቢያ በሠላሳ ሰከንድ ጨርሺና ሰዎቹ ያውሩ።

ማይክ የለኝም አትበይ፤ ስልክሽ ይበቃል። የሚያስቸግረው ግድግዳው ነው። ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። አክስትሽ ቤት መቼም ብርድ ልብስ አይጠፋም፤ ደብረ ብርሃን ነዋ! ተከናነቢና ከሥሩ ሆነሽ ቅጂ። የማስተጋባቱ ነገር ሲጠፋ በራስሽ ጆሮ ትሰሚዋለሽ። ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቂው፣ ትንሽም ወደ ጎን አዘንብዪው። ፊት ለፊት ካደረግሽው «ፐ» እና «ጰ» ይፈነዳሉ። ውጭ ስትቀጂ ነፋሱን ተጠንቀቂ፤ ግድግዳ ተገን አድርጊ፣ ወይ የስልኩን ማይክ በስስ ካልሲ ሸፍኚው።

ጥያቄ አጠያየቅ ለመማር የሸገር ሬዲዮዋን ጋዜጠኛ የመዓዛ ብሩን ቃለ ምልልሶች ፈልገሽ ስሚ። ሸገር የግል ጣቢያ ነው፣ ይህ ግን ላንቺ ለውጥ የለውም። እሷ ስንት ደቂቃ ተናገረች፣ እንግዳው ስንት ተናገረ፣ ሰዓት ይዘሽ ለኪው።

ስለ ቅጥሩ ባጭሩ። የሕዝብ ጣቢያ በጀቱ ከመንግሥት ነው፤ ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አሚኮ ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ቅጥሩ በማስታወቂያ፣ በጽሑፍና በድምፅ ፈተና ነው የሚሆነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ተስፋ አትቁረጪ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን አንብቢ፤ ለፈተናም ይጠቅምሻል። ስትቀጠሪ ደግሞ የጣቢያውን የኤዲቶሪያል ፖሊሲ ጠይቀሽ ውሰጂ። ጊዜው ለጋዜጠኛ ቀላል አይደለም። የትኛው ጉዳይ እንዴት እንደሚስተናገድ ቀድመሽ ብታውቂ ላንቺም፣ ለምትጋብዢው እንግዳም ይበጃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «የአየር ሰዓት ገዝተናል፣ ነይ አብረን እንሥራ» የሚልሽ ሰው ይመጣል። ይህ የተለመደ አሠራር ነው፣ ጥሩ ልምድም ይገኝበታል። ግን ሰዓቱን የገዛው ሰው ገቢው ስፖንሰር ነው። ስፖንሰር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው ያንቺ ክፍያ ነው። እኔ ዘንድ የመጣች አንዲት ልጅ ሰባት ወር ሠርታ የተከፈላት የሁለት ወር ብቻ ነው። እጇ ላይ አንዲት ወረቀት አልነበረም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ጎበዝ ነበረች። ውል ሳትፈርሚ አትጀምሪ።

አሁን ወደ ድምፅሽ። በድምፅ ፈተና ጽሑፍ ይሰጥሽና ማይክ ፊት ታነቢያለሽ። ቀጭን ድምፅ ሰው አይጥልም። ብዙ ሰው የሚወድቀው ቸኩሎ ነው። ትንፋሽ ያልቅበትና የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጠዋል። በአማርኛ ደግሞ ግሡ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። «ማዳበሪያው ለገበሬው በወቅቱ…» ድረስ አሳምረሽ አንብበሽ «ደርሷል» ይሁን «አልደረሰም» ካልተሰማ፣ አድማጩ ምንም አልያዘም። ስለዚህ ስትለማመጂ ለመጨረሻው ቃል ትንፋሽ አስቀሪ። በየቀኑ አንድ ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ቅጂው፣ የዓረፍተ ነገር መጨረሻዎችን ብቻ ስሚ።

የመንዝ አነጋገርሽን በተመለከተ፣ ዜና ስታነቢ የተለመደውን የጽሑፍ አማርኛ ነው የምታነቢው። እሱን ተምረሽዋል። ውይይት ስትመሪ ግን አነጋገርሽን አትደብቂው። እኚያ የበግ አባት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይሸማቀቁ ያወሩት ለምን ይመስልሻል? ከወዲያ በኩል «አባቴ» ያለቻቸው ድምፅ የልጃቸውን ስለመሰላቸው ነው። አንቺም ደዋዩን እንዲህ ካስደፈርሽው ጥያቄው ይመጣል።

ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ነኝ። ደብተሩንና የአምስት ደቂቃውን ቅጂ ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንስማው። ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ እናትሽ ጋ ደውዪና አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ሬዲዮውን የምታጠፋው በስንት ሰዓት ነው? ያን ጊዜስ ምን ፕሮግራም እየተላለፈ ነበር?