ባሱን መንፋትና ማስተማር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ወዳጆች። ባሱን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ረጅም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ፣ እነፋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን አስተምራለሁ። ስለ ሙያው ጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ አስተማሪ ሳታገኙ መሣሪያ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው። ክላሪኔት እጫወታለሁ። ለባሱን አልረፈደብኝም?

መልስ፦ አልረፈደም። ጀርመናዊው ክላውስ ቱነማን መጀመሪያ ፒያኒስት ነበር። ባሱን የያዘው በ18 ዓመቱ ነው። ኋላ በሃምቡርግ የሬዲዮ ኦርኬስትራ ዋና ባሱን ተጫዋች ሆነ፤ በሃኖቨርና በበርሊንም አስተማረ። ኖታ ማንበብህና ትንፋሽህ ይጠቅሙሃል። ጣቶችህ ግን ከዜሮ ይጀምራሉ። የግራ አውራ ጣትህ ብቻውን ከ8 የማያንሱ የሚጫናቸው ቁልፎች ይጠብቁታል።

አንድ አባል፦ ሳክስፎን የሚችል ሰው ባሱን አይቸግረውም። የጣቱ አያያዝ አንድ ነው።

ሌላ አባል፦ ማን ነው አንድ ነው ያለህ? ሁለቱንም ይዤ አይቻለሁ። ፈጽሞ አይገናኙም።

መልስ፦ አንድ አይደለም። ባሱን ላይ አንዳንድ ድምፆች የሚወጡት ቀዳዳውን በግማሽ ብቻ ስትከፍቱ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ አውራ ጣት ድምፁ ሲነሳ ቁልፍ ነካ አድርጎ ይለቃል። ይህን አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያርማችሁ ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ደህና የተማሪ ባሱን በብዙ ሺህ ዶላር ነው። መጀመሪያ አስተማሪ፣ ከዚያ መሣሪያ።

ጥያቄ፦ ኦርኬስትራ ውስጥ ሥራ ይገኛል?

መልስ፦ ጠባብ ነው። ኦርኬስትራ ብዙ ቫዮሊን ይፈልጋል፤ ባሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ነው። አንዱ ጡረታ ካልወጣ ወይም ካልለቀቀ ቦታ አይከፈትም። ሲከፈት ለመቀጠሪያው ፈተና ሁሉም ያንኑ ሙዚቃ አጥንቶ ይመጣል። የሞዛርት የባሱን ኮንቸርቶ (ባሱን ከኦርኬስትራ ጋር ጎልቶ የሚጫወትበት ድርሰት) አይቀርም፤ ሞዛርት በ1774 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ የጻፈው። ብዙ ቦታ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የምትጫወቱት። ዳኞቹ ድምፃችሁን እንጂ እናንተን አያዩም።

ስለዚህ ማስተማርን እንደ ውድቀት አትቁጠሩት። ጀርመናዊውን ዩሊየስ ቫይሰንቦርንን ተመልከቱ። ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላይፕዚግ ጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ ዋና ባሱን ተጫዋች ነበር። በ1882 በከተማው ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ማስተማር ጀመረ። የመማሪያ መጽሐፉ በ1887 ታተመ፤ እሱ በማግስቱ ዓመት አረፈ። የነፋውን የሰማ ዛሬ በሕይወት የለም። መልመጃዎቹን ግን ዛሬም በየአገሩ ያለ የባሱን ተማሪ ይሠራቸዋል። እኔም ተማሪዎቼን የማስጀምረው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደሞዙስ?

መልስ፦ እንደ አገሩና እንደ ኦርኬስትራው ነው። ቀጥሉ።

አንድ አባል፦ ማሲንቆና ዋሽንት እያለ ለፈረንጅ መሣሪያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ሌላ አባል፦ ያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖም ክራርም ይሰጣል። አንዱ ሌላውን አልከለከለም።

የመጀመሪያው፦ ወጣቱ ግን የሚሮጠው ወደ የቱ ነው? እሱን ንገሪኝ።

ሌላዋ፦ ማሲንቆ የሚማሩ ስንት ወጣቶች አሉ! ሄደህ እይ።

መልስ፦ በቃችሁ፣ ወደ ጉዳያችን። አዝማሪ ማሲንቆን የሚማረው ከታላቁ ሥር ሆኖ ነው። ባሱንም እንደዚያው ከሰው ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ ጎበዝ ለመሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን እየተለማመድክ ነው? የቱ ድምፅ እምቢ አለህ? እሱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ርካሽ ባሱን ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አላነበብክም። አትግዛ። ቁልፉ አየር የሚያፈስ ባሱን ይደርስህና ጥፋቱ የአንተ ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ ሪድ መሥራት ግዴታ ነው? ተገዝቶ አይሆንም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሪድ ማለት ባሱኑ ላይ ተሰክቶ ስትነፊ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ ነው። ለጀማሪ ተገዝቶ ይሆናል። በሙያው ለመኖር ካሰብሽ ግን መማር አለብሽ። ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ታዋቂው ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቫር አካባቢ ይመጣል። ሸምበቆው ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይፋቃል፣ ቅርጽ ይወጣለታል፣ ለሁለት ይታጠፋል፣ በሽቦና በክር ይታሰራል። ከዚያ ጫፉ ተቆርጦ በቢላ ይሳሳል። ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ ትንሽ ካበዛሽ ታችኛው ድምፅ ይጠፋል። ወደ አፍ የሚቀርበውን ሽቦ ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለሽ ስትጫኚው የሪዱ አፍ ይከፈታል፤ ከላይና ከታች ስትጫኚው ይጠባል። ይህን ብቻ ብታውቂ እንኳ ብዙ ሪድ ከመጣል ትድኛለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ከውጭ የመጣልኝ ሪድ ደረቅ ሆነብኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ የተሠራ ሪድ ይከብዳል። ውኃ ውስጥ በደንብ አርሰው፤ ከዚያ በጣም በጥቂቱ ፋቀው። አንዴ ፋቅ፣ ንፋ፣ ስማ፣ ከዚያ ድገም። ጫፉን ግን ለብቻህ አትንካው፤ የሚያሳይህ ሰው ፈልግ።