ብርጭቆው ውስጥ ማን ማን አለ?

ልጆቼ፣

በ1986 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር አስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስተምር ከአዘዞ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የጨው ውሃ ኤሌክትሮሊሲስ (ኤሌክትሪክ አሳልፎ መለያየት) ላይ በደረስን ዕለት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሶዲየምን ወደ ካቶድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደታሰረው ዘንግ)፣ ክሎሪንን ወደ አኖድ (ከፖዘቲቩ ጋር ወደታሰረው) በቀስት ነዳሁና «ካቶድ ላይ ሶዲየም ይወጣል» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ጠረጴዛው ላይ የጨው ውሃ የያዘ ብርጭቆ፣ በተርታ የታሰሩ አራት የባትሪ ድንጋዮችና ከአሮጌ ድንጋይ የወጡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ነበሩ። ልጅቷ ከኋላ ተነሥታ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን ስታይ ቆየችና፣ «ቲቸር፣ ሶዲየም ውሃ ሲነካ ይቀጣጠላል ብለውን አልነበር? ታዲያ ይሄ ዝም ብሎ የሚንፎለፎለው ምንድን ነው?» አለች።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። መልሱን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ቀስቱን ስስል ግን ውሃውን ረሳሁት። ብርጭቆው ውስጥ ከጨው ይልቅ እጅግ የሚበዛው ውሃ ነው፤ እኔ እንደሌለ ቆጥሬው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤቴ የሚመጡ የሰፈር ልጆች ያችኑ የእኔን ስህተት ሲደግሟት ስለማይ ነው። «ኤን ኦክስ፣ ሬድ ካት» የምትለዋን ማስታወሻ እንደ ዳዊት ይደግሟታል። አኖድ ላይ ኦክሲዴሽን (ኤሌክትሮን መስጠት)፣ ካቶድ ላይ ሪዳክሽን (ኤሌክትሮን መቀበል)፦ ልክ ናት፣ አልነቅፋትም። «እሺ፣ ብርጭቆው ውስጥ ማን ማን አለ?» ስላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

በቃላቱም አትፍሩ። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳችሁ የገባችሁን ነገር እንኳ ያልገባችሁ ይመስላችኋል። ቃላቱ ለእንግሊዞቹም እንግዳ ነበሩ፤ በ1834 እ.ኤ.አ. ከግሪክ ተውሰው የተሠሩ ናቸው። አኖድ ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ፣ ካቶድ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ፣ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ደግሞ ተጓዥ ማለት ነው። ያስፈለጉት ማይክል ፋራዴይ ለሚባል ሰው ነው፤ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ የሠራ፣ ግሪክኛ የማያውቅ ሰው። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ያየውን የሚጠራበት ቃል ስላጣ የሚያውቁትን ጠይቆ አገኘ። እሱ አስቀድሞ አይቶ ነበር፤ እኛ ቃሉን ይዘን ማየቱን እንተዋለን።

ወደ ብርጭቆው ልመለስ። በማግስቱ ጥቂት ፌኖልፍታሊን (ሃይድሮክሳይድ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጠብ አደረግንበት። በካቶዱ ዙሪያ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ሶዲየሙና ውሃው ሁለቱም ካቶድ አጠገብ ናቸው፤ ኤሌክትሮን መቀበል የሚቀለው ግን ውሃው ነው። ውሃው ተቀብሎ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ የተንፎለፎለው እሱ ነበር። ሃይድሮጅኑ ሲሄድ ሃይድሮክሳይድ ይቀራል፤ ሶዲየሙ ከነአዮንነቱ እዚያው አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ናቸው። ሮዝ ያደረገው ሃይድሮክሳይዱ ነው። በአኖዱ በኩል የሚመጣውን ሽታ ማንም ሳይነግረው ክፍሉ በሙሉ ለየው፦ በረኪና! እውነትም ክሎሪኑ ተመልሶ ከኮስቲክ ሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚወለደው ያው እናቶቻችሁ ነጭ ልብስ የሚዘፈዝፉበት በረኪና ነው። ፋብሪካዎችም ከጨው ውሃ ክሎሪን፣ ሃይድሮጅንና ኮስቲክ ሶዳ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ወገኖች እንዳይደባለቁ መሐላቸው ስስ መጋረጃ መኖሩ ነው። ኮስቲክ ሶዳው ለሳሙናና ለወረቀት፣ ክሎሪኑ የቧንቧ ውሃ ለማከምና ለፕላስቲክ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥፋቴንም ልናዘዝ። አቧራ እንዳይገባ ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ነበር፤ ፊት የተቀመጡት ሲያስሉ ነው የነቃሁት። ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ ለሰው መግደያ የዋለ ጋዝ ነው። ሙከራውን ስትሠሩ መስኮቱ ይከፈት፤ ቤት ውስጥም በረኪናን አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፣ ያው ጋዝ ይወጣል።

ታዲያ ሶዲየም ራሱ እንዴት ይገኛል? ውሃውን ከብርጭቆው በማባረር ነዋ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ሶዲየምን ያገኘው ኮስቲክ ሶዳውን በውሃ ሳይበጠብጥ አቅልጦ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። በዓመቱ ደግሞ ከኖራ ካልሲየምን አወጣ። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙበት ኖራ ውስጥ ያ ብረት በአዮንነቱ ከግንበኞቹ ዘመን ጀምሮ ተቀምጧል፤ እስከ ዴቪ ድረስ ግን ብረት ሆኖ ወጥቶ ያየው አልነበረም።

አልሙኒየም የባሰ አስቸጋሪ ነበር። ኦክሳይዱ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ያን ሙቀት የሚችል ምድጃ ከየት ይመጣል? በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ ሁለቱም በ1863 የተወለዱ ወጣቶች፣ ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ ደረሱ፦ ኦክሳይዱን ብቻውን ከማቅለጥ ይልቅ በቀለጠ ክራዮላይት (አልሙኒየም ያለበት ማዕድን) ውስጥ ማሟሟት። ሙቀቱ ወደ 960 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ሆል የሠራው ወላጆቹ ግቢ ባለች ጎጆ ውስጥ፣ ራሱ በሠራቸው ባትሪዎች ነው። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፦ የዛሬ የአልሙኒየም ማምረቻ ገንዳ የሚሠራው በ4 ወይም በ5 ቮልት ነው። የእኔ አራት የባትሪ ድንጋዮች 6 ቮልት ነበራቸው! ገንዳው የሚበልጠኝ በአምፒሩ ነው፤ ከ100,000 በላይ ያልፍበታል። አንድ ኪሎ አልሙኒየም ለማውጣት ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ቆራሌው የተቀደደ ድስት የሚለቅመው ለዚህ ነው፤ ያንኑ ድስት እንደገና ማቅለጥ የሚፈጀው ከዚህ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጋናም በ1965 እ.ኤ.አ. የአኮሶምቦን ግድብ ስትጨርስ ከኃይሉ ትልቁን ድርሻ ቴማ ከተማ ላይ ለሚቆመው የአልሙኒየም ማምረቻ ነበር ያሰበችው። የአባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲባል ስትሰሙ አምፑል ብቻ አይታያችሁ።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ሦስተኛ እንግዳም አለ፦ ዘንጉ ራሱ። ካርቦን ከሆነ ዳር ቆሞ ይመለከታል (አልሙኒየም ገንዳ ውስጥ እሱም በኦክስጅኑ ይቃጠላል፣ በየጊዜው ይለወጣል)። መዳብ ከሆነ ግን አኖዱ ራሱ እየሟሟ ይገባል። ማጣሪያዎች 99 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነውን መዳብ አኖድ አድርገው ካቶድ ላይ 99.99 በመቶ የሆነውን ይሰበስባሉ፤ ወርቁና ብሩ አይሟሙም፣ ከሥር ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ። ጭቃውን የሚጥለው የለም።

ፒያሳ አካባቢ «ወርቅ የተነከረ» እየተባለ የሚሸጠው ሐብልም ከዚሁ ቤት ነው። መንከር የሚለው ቃል ያሳስታል፤ ሐብሉ ካቶድ ሆኖ ኤሌክትሪክ ካላለፈበት ተነክሮ ብቻ ያን ያህል ወርቅ አይለብስም። ጣት የነካው ቅባት ከቀረበት ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ይላጣል። የወርቁ መንከሪያ ብዙ ጊዜ ሳያናይድ ያለበት ነውና ይህን እንዳትሞክሩ። በመዳብ ሥሩት። ኮፐር ሰልፌት (የመዳብ ጨው) ውስጥ 2 አምፒር ለ30 ደቂቃ ብታሳልፉ 3,600 ኩሎምብ ነው (አምፒሩ በሰከንዱ ሲባዛ)፤ በ96,485 (የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ኩሎምብ) አካፍሉት፣ መዳብ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚቀበል በ31.75 (63.5 ለሁለት ሲካፈል) አባዙት፤ 1.18 ግራም ይመጣል። ከሙከራው በፊትና በኋላ ካቶዱን መዝኑት። ከስሌቱ ጥቂት ቢያንስ አትደንግጡ፤ ደህና ሳይጣበቅ የረገፈ መዳብ ይኖራል። ተማሪዎቼ ቁጥሩ እንዲገጥምላቸው ሚዛኑን «ሲያርሙት» አይቻለሁ፤ ከዚያ ይልቅ የረገፈውን ከብርጭቆው ሥር ፈልጉት።

ኮፐር ሰልፌት ካላገኛችሁ ከጨው ውሃው ጀምሩ። በሁለት በኩል የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች የካርቦን ዘንግ ይሆኗችኋል። በባትሪ ድንጋይ ብቻ ሥሩ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሶኬት አትንኩ። ካርቦኑን ካያችሁት በኋላ አውጡትና በቦታው ሁለት ምስማር አስገቡ። በአንዱ በኩል ያው አረፋ ይቀጥላል። በሌላው በኩል የበረኪናው ሽታ ይጠፋል፤ ውሃው መጀመሪያ የቆሸሸ አረንጓዴ፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ የዝገት ቀለም ይሆናል። የዚህኛውን በኩል ምስማር አውጥታችሁ ጥረጉትና ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት።

የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህራችሁ
ጎንደር