ኤልኢዲው አንዴ በርቶ ሲቀር

ሰላም እህቴ፣

መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ብቻውን ሲጫን ይሠራል፤ ከቡትሎደር (ቺፑ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ዋናውን ፕሮግራም ከሚያስጀምረው ትንሽ ፕሮግራም) ጋር ሲሆን ግን ኤልኢዲው አንዴ በርቶ ቀጥ ይላል። «ኢምቤድድ ለኔ አይሆንም፣ ወደ ዌብ ልግባ?» ብለሻል። ዌብን ወደሽው ከሆነ ግቢ። በዚህ ምክንያት ከሆነ ግን አትግቢ። እኔም ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም፣ ስጽፍ በነበረ ጊዜ እዚሁ ቦታ ላይ ሦስት ቀን አድሬበታለሁ።

ቺፑ ኤስቲኤም32ኤፍ407 ነው ብለሽኛል። ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) የሚጀምረው በሄክስ 08000000 ላይ ነው። ቡትሎደርሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴክተሮች፣ 32 ኪሎባይት ይዟል። ስለዚህ አፕሊኬሽኑን (ዋናውን ፕሮግራምሽን) ሊንከር ስክሪፕቱ፣ ኮዱ ሜሞሪ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፋይል፣ ላይ ወደ 08008000 ማዛወርሽ ትክክል ነው። ግን ሥራው እዚያ አያልቅም። ኢንተራፕት (የያዝከውን አቋርጥ የሚል ጥሪ) ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የት እንደሚሄድ የሚያየው ከቬክተር ቴብሉ ነው። ቴብሉ የት እንዳለ የሚነግረው ደግሞ ቪቶር የሚባለው ሬጂስተር ነው። እሱን ካልቀየርሽው አሁንም የሚያሳየው የቡትሎደሩን ቴብል ነው። ሲስቲክ የሚባለው የቺፑ ሰዓት በየሚሊሰከንዱ ይመታል፤ የሚጠራው ግን የቡትሎደሩን ፋንክሽን ነው። የአንቺ ቆጣሪ ንቅንቅ አይልም፣ በሱ የሚቆጥረው ዲሌይ (የመጠበቂያ ጊዜ)ም አያልቅም። ኤልኢዲሽ በርቶ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

ዲባገሩን (የቺፑን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ) ሰክተሽ ቪቶርን እዪው። 08008000 ካላለ ሲስተምኢኒት በሚባለው ማስጀመሪያ ፋንክሽን ውስጥ ኦፍሴቱን (ከፍላሹ መጀመሪያ ያለውን ርቀት) በሄክስ 8000 አድርጊ። ትክክል ሆኖ ካገኘሽው፣ ቡትሎደሩ ከመዝለሉ በፊት ኢንተራፕት ዘግቶ አፕሊኬሽኑ ሳይከፍተው ቀርቶ እንደሆነ ተመልከቺ። ምልክታቸው አንድ ነው፤ እኔን ሦስት ቀን ያስቆየኝም ይኼው ነበር።

አሁን ወደ ሥራ ፍለጋሽ። ሜዳ ላይ የተተከለ ቆጣሪ ወይም ፓምፕ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ማንም ኬብል ይዞ አይሄድለትም። ያንን የሚሠራው ቡትሎደር ነው፣ ቀጣሪም የሚፈልገው ይህን የነካ ሰው ነው። ሲቪሽ ላይ «ሲ እችላለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊው። ምን እንደተበላሸ፣ ምን አይተሽ እንደጠረጠርሽ፣ በምን እንዳረጋገጥሽ በሦስት መስመር ጻፊው። ኢንተርቪው ላይ አፍሽን ሞልተሽ የምታወሪው ይኖርሻል።

ሲስተካከል አንድ ነገር ጨምሪ፦ አዲሱ ኮድ እየተጫነ ሳለ ፓወሩን ንቀዪው። ቦርዱ ተመልሶ ይነሳል? ቡትሎደሩ ሲአርሲ (ኮዱ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያረጋግጥ ቁጥር) አይቶ የተበላሸውን ኮድ እምቢ ይላል? በስልክሽ ቅረጪውና ከኮዱ ጋር ጊትሀብ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ ሊንኩን ላኪልኝ፣ ሲቪሽን አብረን እናየዋለን።