ለጀማሪ ዶዘር ኦፕሬተሮች፦ ከስሙ በፊት ሰንሰለቱን እዩ

ልጆች፣ መንጃ ፈቃዱን እንዳወጣችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከመካከለኞቹ ዶዘሮች የቱ ይሻላል? እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ፤ ምን ዓይነት መሬት ላይ ልትሠሩበት ነው?

ካተርፒላር ዲ6አር፣ ኮማትሱ ዲ65 እና ሻንቱይ ኤስዲ16 ተቀራራቢ ናቸው። ኤስዲ16 160 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 17 ቶን ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ግን ቁጥሩ ብዙም አይታወቃችሁም። ልዩነቱ የሚለየው ብሌዱን፣ ማለትም ፊት ያለውን አፈር መግፊያ፣ ሞልታችሁ ስትታጠፉ ነው። በፍሪሲዮንና በፍሬን የሚታጠፍ ማሽን በምትዞሩበት በኩል ያለውን ሰንሰለት ኃይል ይቆርጥበታል፤ አፈሩን ይዞ ይለግማል፣ መሬቱ ለስላሳ ከሆነማ የቆመው ሰንሰለት እዚያው እየቆፈረ ይሰምጣል። ዲፈረንሻል ስቲሪንግ ያለው ዲ6አር ግን ሁለቱንም እየነዳ ይዞራል። ሁሉም ዲ6አር ይህ የለውም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ካተርፒላር በ1977 እ.ኤ.አ. በዲ10 ሞዴሉ ስፕሮኬቱን፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርሳም ጎማ፣ ወደ ላይ አወጣው፤ ዲ6አር ሰንሰለቱ ሦስት ማዕዘን የሚመስለውም ለዚህ ነው። ኃይሉን ለስፕሮኬቱ የሚያደርሰው ፋይናል ድራይቭ ከጭቃና ከድንጋይ ምት ይርቃል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኮማትሱና የሻንቱይ ስፕሮኬት ግን ታች ነው፤ እኔ መሬት ለማስተካከል ሥራ እነሱን እመርጣለሁ፣ መሬቱን ረጋ ብለው ይይዙታል።

የሰንሰለቱን ጫማ፣ ማለትም መሬቱን የሚረግጠውን ብረት፣ እዩ። ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ሰፊ ጫማ ያድናችኋል። ያንኑ ማሽን ድንጋይ ላይ ብታወጡት ግን ጫማው ይጣመማል፣ ማያያዣውም ይጎዳል።

ሰንሰለት ስትወጥሩ ደግሞ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ቆሞ አይደለም። ጭቃው ስፕሮኬቱ ላይ ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ የምትሠሩበት ቦታ ላይ፣ ጭቃውን እንደያዘ ለኩት። በጣም የተወጠረ ሰንሰለት ቡሺንጉንም (የሰንሰለቱን መገጣጠሚያ ቀለበት) ስፕሮኬቱንም ቶሎ ይበላል፣ የዚህ ክፍል ጥገና ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ግሪስ ነው፤ ለማላላት የግሪሱን ቫልቭ ስትፈቱ ከአንድ ዙር በላይ አትፍቱ። ውስጥ ያለው ግሪስ በከባድ ግፊት ታፍኗል፣ ቫልቩ ተፈንጥሮ ከወጣ ሰው ይገድላል። ፊታችሁን ከፊት ለፊቱ አርቁ፣ አለቃ "ቶሎ በል" ቢላችሁም በእጅ እየዳበሳችሁ አትሞክሩት። ግሪሱ አልወጣ ካለ ማሽኑን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት።