ገንዘቡ ትምህርት ቤት ገባ፤ ልጁስ?

ትምህርት ቤቶች ለችግረኛ ተማሪ የሚመጣላቸውን ድጋፍ ምን ላይ እንደሚያውሉት ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከመንዝ እስከ ምንጃር መልእክት መጣ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የሰውና የትምህርት ቤት ስምም አውጥቻለሁ፤ ወረዳ ላይ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢያችን ተወላጆች ለችግረኛ ተማሪዎች ብለው ገንዘብ ላኩልን። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) አጥር ይታጠርበት ይላል። መምህራን ፕሪንተር ይገዛ ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? (ከመንዝ)

መልስ፦ አጥሩም ፕሪንተሩም አያስፈልግም አልልም። ግን ሰዎቹ የሰጡት ለችግረኛ ተማሪ ብለው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስም መጥሪያውን ያውጡ። የሚቀረው ማን ነው? በየትኛው ቀን? በየትኛው ክፍለ ጊዜ? የአንድ ወሩ ብቻ ብዙ ይነግርዎታል።

እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው ሰኞ ጠዋትን ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች የሚጎድሉት ያኔ ነውና። ኑሯቸውን ያውቁታል። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ጥግ ላይ የድርቆሽ ከረጢት፣ የበሶ ዕቃና ቢጫ ጀሪካን አለ። ሐሙስ ሲሆን ከረጢቱ ይሟጠጣል። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ስንቅ ለማምጣት መንገድ ይጀምራሉ። ሰኞ ተሸክመው ሲመለሱ የመጀመሪያው ትምህርት አልፏል። ያ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም የሚወድቀው።

አንደኛው መፍትሔ ሳንቲም አያወጣም፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ይቀይሩት። ሒሳብና እንግሊዝኛን ከሰኞ መጀመሪያና ከዓርብ መጨረሻ ያንሷቸው። ሁለተኛው ትንሽ ገንዘብ ይፈልጋል። ወላጆች በወር አንዴ፣ በገበያ ቀን፣ እህሉን በአህያም በአይሱዙም ጭነው ያምጡ። ትምህርት ቤቱ አይጥ የማይገባበት አንድ ክፍል ያዘጋጅ፤ የወፍጮውን ይክፈል፤ እየመዘገበ ያከፋፍል። ገንዘብ ከተረፈ ማታ መብራት ያለው አንድ ክፍል ከፍተው ተረኛ መምህር ያስቀምጡ። ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቤት አምፖሉ አንድ ነው፣ ለዚያውም አከራይዋ ሦስት ሰዓት ላይ ‹‹አጥፉ›› ይላሉ።

ብርዱንም አይርሱት። መንዝ ላይ በኅዳር ውርጭ በኮንጎ ጫማ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያሳልፈው እግሩን በማሻሸት ነው። ወፍራም ካልሲና ሹራብ እንደ ትምህርት መሣሪያ ቢቆጠሩ አይገርመኝም። አጥሩን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መዋጮ ካልከፈልሽ አይመዘገብም አሉኝ። መብታቸው ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አይደለም እናቴ። የ1986ቱ ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ አድርጎ ነበር። በ2015 የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ እስከ 12ኛ ነፃ፣ እስከ 8ኛ ግዴታ ነው ይላል። መዋጮ በፈቃድ ነው። ያለው ይስጥ፣ የሌለው በጉልበት ያግዝ፣ ይህ የቆየ ባህላችን ነው። ምዝገባን ማስያዣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ለወተመህ ሰብሳቢ ይንገሩ፤ ካልሆነ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ እንደ እርስዎ የተመለሱ ሁለት ሦስት እናቶች አይጠፉም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ያለው ወንድሜ መንግሥት ለእያንዳንዱ ደሃ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይሰጣል ይለኛል። እውነት ነው? እኛስ ጋ ለምን የለም? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እውነቱን ነው። ‹‹ፒውፕል ፕሪሚየም›› ይሉታል። የተጀመረው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ አንዴም ቢሆን በቤተሰቡ ድህነት ምክንያት ነፃ ምሳ የተፈቀደለት ልጅ ይቆጠራል። በ2025/26 የበጀት ዓመት ለአንድ እንዲህ ያለ ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 1,515 ፓውንድ፣ ሁለተኛ ደረጃ 1,075 ፓውንድ ያገኝ ነበር።

ወንድምህ ምናልባት ያልነገረህ ሁለት ነገር አለ። ገንዘቡ ለቤተሰቡ አይሰጥም፣ ለትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱም በየዓመቱ ምን ላይ እንዳዋለውና ምን እንዳመጣ ጽፎ ለሕዝብ ያወጣል። እኔን የሚያስቀናኝ ከፓውንዱ ይልቅ ይሄ ወረቀት ነው።

እኛ ጋ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር የመጣው ስኩል ግራንት፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ፣ አለ። መሠረቱ የተማሪ ቁጥር ነው። ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የታሰበለት ድርሻ ቢኖርም በጥቅሉ የነጋዴውም የእረኛውም ልጅ እኩል አንድ ራስ ነው። መስከረም ተመዝግቦ ጥር ላይ የጠፋው ልጅም በቁጥሩ ውስጥ አለ። ልጁ ከብት ጥበቃ ተመልሷል፣ በስሙ የመጣው ብር ኖራና ጠመኔ ተገዝቶበታል። ሕገወጥ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ያንን ልጅ ለመመለስ ከዚያው ብር ስንት ወጣ ብሎ በወላጅ ስብሰባ መጠየቅ ይቻላል። ጠይቅ፤ የሚቆጣህ አይኖርም፣ ቢኖርም ለአንድ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ደብተርና ቦርሳ ሲሰጠን ሰልፍ ላይ ስማችን እየተጠራ፣ ፎቶ እየተነሳን ነው። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጓደኞቼ ‹‹ተረጂዋ›› ይሉኛል። ዘንድሮ ቢጠሩኝ አልወጣም። (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአንኮበር አካባቢ)

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ደብተሩን ግን ተቀበይ፣ ያንቺ ነው። ለምታምኛት መምህርት ንገሪያትና ቢሮ ውስጥ ትውሰጅ።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፦ ለጋሹ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የመቀበያ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሲወጣ የወጪው ሞዴል 22 አለ፣ የፈረሙበት ዝርዝር አለ። ፎቶ የግድ ከሆነ የተደረደረውን ደብተር አንሱት፤ ደብተር አያፍርም።

ጥያቄ፦ የችግረኛ ተማሪ ምርጫ ሲመጣ ሐሜት ነው። ‹‹የዘመድ ልጅ አስገቡ›› ይሉናል። እንዴት እንምረጥ? (የወተመህ አባል፣ ከደነባ)

መልስ፦ ሐሜቱ ጨርሶ አይቀርም። መስፈርቱ ከስሙ በፊት ከወጣ ግን ይቀንሳል። ወላጅ የሌለው፣ ከአያት ጋር የሚኖር፣ ቤተሰቡ መሬት የሌለው፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግር የሚመጣ። ይህን በስብሰባ አጽድቁ። ከዚያ የክፍል ኃላፊው መምህር ይጠቁም፣ አንድ የዕድር ሽማግሌ ያጣራ። የኮሚቴ አባል ልጅ ከተጠቆመ አባሉ ከክፍሉ ይውጣ። ስም ዝርዝሩን በር ላይ አትለጥፉ፤ ከላይ ያለችውን ልጅ አስታውሱ።

ጥያቄ፦ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሩቡ ያህሉ ፊደል አይለይም። ማጠናከሪያ ልስጥ ብል አበል የለም። (ከሞረትና ጅሩ)

መልስ፦ አበል ሳይኖር በነፃ ይሥሩ ማለት ይከብደኛል፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የድጋፍ ገንዘብ ሲገኝ ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች አንዱ የእርስዎ ሰዓት ይሁን። ግራንቱ ለደመወዝ አይሆንም፤ የተወላጆችና የወላጆች መዋጮ ግን ወተመህ ከተስማማ ይችላል።

አሠራሩ ላይ የሕንዱ ‹‹ፕራታም›› የሚባል ድርጅት የሚሠራበት ዘዴ ደስ ይለኛል። ልጆችን በክፍል ደረጃ ሳይሆን በሚችሉት ይመድባቸዋል። ፊደል የማይለየው ፊደል ከሚለየው ጋር አይቀመጥም። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን ሰብስበው ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ ብለው በሦስት ይክፈሏቸው፤ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። በየወሩ ፈትነው ያሳድጉ። የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ እየገለጡ ለማያነብ ልጅ ማጠናከሪያ መስጠት ውሃ ወቀጣ ነው።

ሰዓቱን ከትምህርት በፊት ያድርጉት። ከሰዓት በኋላ ከብቱ ይጠብቃል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ።

ጥያቄ፦ ሴት ተማሪዎች በወር አበባ ጊዜ ይቀራሉ። ሞዴስ ልንገዛ ነው፣ ስንት ይበቃል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ሞዴሱ ያልቃል። በጨርቅ የሚሰፋውን፣ ታጥቦ የሚደገመውን ከሥርዓተ ጾታ ክበቡ ጋር ስፉ፤ የገዛችሁትን ለድንገተኛ አስቀምጡት። ከሁለቱም በፊት ግን መቆለፊያ ያለው መጸዳጃ ቤትና ውሃ። በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ባለበት ሞዴስ ብቻውን ልጅቷን ትምህርት ቤት አያቆያትም።

ጥያቄ፦ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ካርድም መሸኛም የላቸውም። ሳንመዘግባቸው ሳምንታት አለፉ። (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ነገ ጠዋት አስገቧቸው። ካርዱ የተቃጠለበትን ልጅ ካርድ አምጣ ማለት ግፍ ነው። አጭር የምደባ ፈተና ስጡ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ቃሉን ሰጥቶ ይፈርም፣ ወረቀቱ ከኋላ ይከተል። ወደ ወረዳ የሚላከው የተማሪ ቁጥር ከተላከም ማስተካከያ በደብዳቤ ላኩ። በቁጥሩ ውስጥ ካልገቡ መጽሐፍም ግራንትም በስማቸው አይመጣም፣ የነባሮቹን ይካፈላሉ ማለት ነው።