«ሰራተኛ» ሲባል «የለም» ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔና እህቴ ማታ ማታ በቴሌግራም ቃል እንገማመታለን። እንደ ዎርድል ነው። አንዳችን ባለ አራት ፊደል ቃል እንይዛለን፣ ሌላው በስድስት ሙከራ ያገኛል። ፊደሉ በቦታው ካለ አረንጓዴ፣ ቦታው ሌላ ከሆነ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለ ግራጫ። በእንግሊዝኛው ማንም አይችለኝም፤ በአማርኛው ግን ሁሌ እሸነፋለሁ። ትናንት «ሰራተኛ» አልኳት። ሦስቱ አረንጓዴ፣ «ሰ» ግራጫ! ሌላ ቃል ስፈልግ ሙከራዬ አለቀ። ለካ የያዘችው «ሠራተኛ» ነው። ይሄ ፍርድ ነው? ዘዴስ የለውም?

መልስ፦ በአጻጻፉ እህትዎ ልክ ናት። ቃሉ ከግእዙ «ሠርዐ» ስለመጣ በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል። በጨዋታው ግን አልፈርድላትም። አማርኛ ተናጋሪ «ሰ»ን ከ«ሠ» በጆሮው አይለይም። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» እንዲሁ። እንደ አንድ ይቆጠሩ ብላችሁ ዛሬውኑ ተስማሙ።

የሚሸነፉበት ምክንያት ሌላ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ እኛ 33ቱን በሰባት ስናባዛ 231። «ለ» ግራጫ ቢሆን «ሉ፣ ሊ፣ ላ» ገና አልተነኩም። ስለዚህ አንድ ቀለም ጨምሩ፤ ዘሩ (ተነባቢው) ልክ ሆኖ እርባታው (አናባቢው) ለሚለያይ ሰማያዊ ይሁን።

ዘዴው ደግሞ ከፊደሉ ይልቅ እርባታውን ማደን ነው። እኔ በ«መክፈት» እጀምራለሁ። «መ» አረንጓዴ ከሆነ ግሥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለተኛውን ፊደል አያለሁ። ሳድስ (እንደ «ል») ከሆነ ቃሉ የ«መስበር፣ መንገር፣ መድረስ» ወገን ነው። ግእዝ (እንደ «ለ») ከሆነ የ«መፈለግ፣ መጠበቅ፣ መጨረስ»። በሁለቱም ሦስተኛው ግእዝ፣ መጨረሻው ሳድስ ነው። ምን ቀረ? ተነባቢዎቹን መሙላት ብቻ።

መጨረሻው ሣልስ (እንደ «ሊ»)፣ ከሱ በፊት ያለው ራብዕ (እንደ «ላ») ከሆነስ? አድራጊውን ይጠርጥሩ፦ «አንባቢ፣ መርማሪ፣ ተሳታፊ»። ግን ሣልሱ አንዳንዴ ይሸሸጋል። ከ«ወደደ» «ተወዳጅ»፣ ከ«መረጠ» «ተመራጭ» እንላለን። «ደ»ና «ጠ» ሣልሱን ውጠው «ጅ»ና «ጭ» ሆነዋል። እህትዎ ተንኮለኛ ከሆነች፣ እንደምትመስለኝ፣ እዚህ ጋ ነው የምትደበቀው።

ቅጥያ ያለባቸውን፣ «ከቤት»፣ «ቤቱን» የመሳሰሉትን ከልክሉ፤ አለበለዚያ ጨዋታው አያልቅም።

ዲቃላ ፊደሎችንም አይርሱ፣ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችልም። እኔ በባለ ሦስት ፊደል ጨዋታ ስድስቱን ሙከራ ጨርሼ ተሸንፌያለሁ። ያሸነፈችኝ የልጅ ልጄ ናት፣ ቃሉም «ቋንቋ»።